ትርጉም የለሽ ንግግርን የሚሰይም ቃል ምንጩ እንዴት ይመረመራል?

ሰው የማይገባውን ንግግር ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ስም ያወጣለታል። በዚህ ምክንያት በየቋንቋው ለማይገባ፣ ለተምታታ ወይም ለባዶ ንግግር የተሰጡ ብዙ ቃላት አሉ፤ ከእነዚህም በዓለም ዙሪያ በሰፊው የታወቀው የእንግሊዝኛው «ጂበሪሽ» ነው። የቃሉን ምንጭ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው መልስ አንድ የሚጥም ታሪክ ነው፤ ታሪኩም በመጣፈጡ ብቻ እውነት ተደርጎ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ቃል ትርጉሙንና ምንጩን በጥንቃቄ ለመመርመር ለሚፈልግ አንባቢ መንገዱን ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

እነዚህን ቃላት መመርመር የወንበርን ወይም የዳቦን ስም ምንጭ ከመፈለግ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በአብዛኛው የሚወለዱት በአፍ ነው፤ በስድብና በፌዝ መካከል ስለሚኖሩም ጸሐፊዎች ቶሎ በብራና ወይም በወረቀት አያሰፍሯቸውም። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ድምፅን በመቅዳት የተፈጠሩ በመሆናቸው ወደ ኋላ ተጉዞ የሚደረስበት ሥርወ ቃል ላይኖራቸው ይችላል። ባዶ ሆኖ የቀረውን ቦታ ደግሞ ተረት ይሞላዋል።

ከትርጉሙ ይጀምሩ

ምንጭ ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት ቃሉ በትክክል ምን ዓይነት ንግግርን እንደሚሰይም ይለዩ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብዙው ስሕተት ግን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ተንተባተበ»፣ «ለፈለፈ»፣ «ቀባጠረ»፣ «ዘባረቀ» እና «አልጎመጎመ» የሚሉትን ግሦች አንዱን በሌላው ምትክ የሚጠቀም የቋንቋው ባለቤት የለም። የሚንተባተብ ሰው ሐሳብ አለው፤ የሚያስቸግረው ቃሉን ማውጣት ነው። የሚያልጎመጉም ሰው ቃሉም ሐሳቡም እያለው አጥርቶ አይናገርም። የሚዘባርቅ ሰው ቃላቱ ለየብቻቸው ይሰማሉ፤ አንዱ ከሌላው ግን አይገጥምም። የሚለፈልፍ ሰው ደግሞ ችግሩ ልክ ማጣቱ ነው። ተመሳሳይ ልዩነት በስሞቹም ላይ አለ፦ «እንቶ ፈንቶ» ስንል ቃላቱ ሁሉ ይገባሉ፤ ጉዳዩ ግን እርባና የለውም ማለታችን ነው።

በእንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። «ጂበሪሽ» ድምፁ የሚሰማ፣ ትርጉሙ ግን የማይያዝ ንግግር ነው። «ጃርገን» ለሙያው ሰዎች ፍጹም ግልጽ ሆኖ ለውጭ ሰው የሚጨልም የሙያ ቋንቋ ነው። «ጎብልዲጉክ» ትርጉም እያለው ትርጉሙ በከባባድ የቢሮ ቃላት ክምር ሥር የተቀበረ ጽሑፍ ነው። «በንከም» ደግሞ እያንዳንዱ ቃል የሚገባ፣ ነገር ግን አድማጭን ለማስደሰት ብቻ የሚነገር ባዶ ዲስኩር ነው። አራቱንም «እንቶ ፈንቶ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሦስቱን ያጣቸዋል። ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ንግግሩ የማይገባው በማን ምክንያት ነው? በተናጋሪው ነው፣ በአድማጩ አለማወቅ ነው፣ ወይስ በሁለቱ መካከል ባለው የቋንቋና የሙያ ርቀት? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ በኋላ ምንጩን በየትኛው አቅጣጫ እንደሚፈልጉ ይወስናል፤ ርቀትን የሚሰይም ቃል ብዙውን ጊዜ ከባዕዳን ጋር ከተደረገ ግንኙነት የተወለደ ነውና።

ጊዜውን ሳይዙ ምንጩን አይናገሩ

ሁለተኛው ሥራ ቃሉ መጀመሪያ በጽሑፍ የታየበትን ጊዜ ማግኘት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የቃሉን የዛሬ ፍቺ ብቻ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ሳይሆን ታሪካዊ መዝገበ ቃላት ነው፤ ማለትም እያንዳንዱን ትርጉም ከቀድሞ ጽሑፎች ከተወሰደ ጥቅስና ከዓመቱ ጋር የሚያቀርብ። ለእንግሊዝኛ ይህን በስፋት የሠራው ከ1884 ጀምሮ በክፍል በክፍል እየታተመ በ1928 የተጠናቀቀው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ነው።

በጂበሪሽ ላይ የዚህን ሥራ ጥቅም እንመልከት። ብዙ ሰው ቃሉ «ጂበር» ከሚለው ግስ፣ ማለትም ትርጉም የለሽ ድምፅ እያወጡ መለፍለፍን ከሚያመለክተው ቃል የመጣ ይመስለዋል። ሐሳቡ ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን ስሙ በጽሑፍ የሚታየው በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሲሆን፣ ግሱ የሚታየው በ1600 ገደማ ነው። ልጁ ከአባቱ ቀድሞ የተወለደ ይመስላል። እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ አይገባም፤ የጽሑፍ ማስረጃ የሚያሳየው ቃሉ መቼ እንደተጻፈ እንጂ መቼ መነገር እንደጀመረ አይደለም፤ ግማሽ መቶ ዘመን ደግሞ ለአፍ ቋንቋ ረጅም ክፍተት አይባልም። ትክክለኛው ድምዳሜ «ግሱ ምንጩ ነው» የሚለውን እንደ ተረጋገጠ ነገር አለመጻፍና ሁለቱም ከአንድ የድምፅ ቅጂ የፈለቁ ሊሆኑ እንደሚችሉ ማሰብ ነው።

የቃሉን መጨረሻም ልብ ይሏል። «ኢንግሊሽ»፣ «ስፓኒሽ»፣ «አይሪሽ» የሚሉት የቋንቋ ስሞች የሚያበቁት ጂበሪሽ በሚያበቃበት ድምፅ ነው። በአማርኛ «ኛ» የሚለውን ጨምረን «እንግሊዝኛ» እና «ዐረብኛ» እንደምንለው ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉን የፈጠሩት ሰዎች ያልገባቸውን የጉርምርምታ ድምፅ ወስደው እንደ አንድ አገር ቋንቋ ስም አበጁለት ማለት ይቻላል። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቃሉ ለወሮበሎችና ሮማ (ጂፕሲ) ለሚባለው ሕዝብ አነጋገር ጭምር ይውል ነበር፤ ይህም ከቋንቋ ስም አወጣጡ ጋር በደንብ ይገጥማል። እኔ በበኩሌ ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች ሁሉ ይህንን አስቀድማለሁ፤ የቃሉን ሁለት ክፍሎች፣ መነሻውንም መድረሻውንም፣ የሚያስረዳው እሱ ስለሆነ ነው።

ጥንታዊ ጽሑፎችን በኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገሮች ሊጠነቀቅ ይገባል። አንደኛው የፊደል አጻጻፍ ነው፤ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከመርጋቱ በፊት አንድ ቃል በብዙ መልክ ይጻፍ ስለነበር፣ የዛሬውን መልክ ብቻ የሚፈልግ ሰው የቀደሙትን ማስረጃዎች ያልፋቸዋል። ሁለተኛው የዓመቱ ነገር ነው፤ ለረጅም ዘመን የታተመ መጽሔት በኮምፒውተር ማውጫ ውስጥ ሁሉም ቅጽ በመጀመሪያው ቅጽ ዓመት ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል፤ የማሽኑ ንባብም አሮጌ ፊደላትን ያሳስታል። ስለዚህ የገጹን ምስልና የርዕስ ገጹን ዓመት በዓይንዎ ሳያዩ ማስረጃውን አይቀበሉ።

ድምፅን ያዳምጡ፣ መመሳሰልን ግን አይመኑ

ጥንታውያን ግሪኮች ቋንቋቸውን የማይናገረውን ሰው «ባርባሮስ» ይሉት ነበር፤ የባዕዱ ንግግር በጆሯቸው «ባር ባር» የሚል ስለመሰላቸው ነው። በሆሜር ኢሊያድ ሁለተኛ መጽሐፍ ካርያውያን የሚባሉት ሕዝቦች አነጋገራቸው እንዲህ ያለ እንደሆነ በአንድ ጥምር ቃል ተገልጿል። የቃሉ የመጀመሪያ ክብደት በአነጋገር ላይ ነበር፤ «ያልሠለጠነ» እና «ጨካኝ» የሚሉት ትርጉሞች የተጨመሩት በኋላ ነው። የድምፁን አሠራር ልብ ይበሉ፦ አንድ ክፍለ ቃል ይደገማል። የአማርኛዎቹ «ተንተባተበ»፣ «ለፈለፈ»፣ «አልጎመጎመ»፣ «አጉተመተመ» የሚሉት ግሦችም በዚሁ በድግግሞሽ የታነጹ ናቸው። ድግግሞሹ ራሱ ማስረጃ ነው፤ አንድ ለማይገባ ንግግር የተሰጠ ቃል ድምፅ ደጋግሞ ከተገኘ፣ ከድምፅ ቅጂ የመወለዱ ዕድል ከፍ ያለ ነው።

ይሁን እንጂ ድምፅ የሚቀዱ ቃላት በየቋንቋው ለየብቻቸው ስለሚወለዱ፣ መመሳሰላቸው ዝምድናን አያረጋግጥም። ለዚህ ከባቢሎን ስም የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 11 ቁጥር 9 የከተማዋ ስም የምድር ቋንቋ ከመደባለቁ ጋር ተያይዟል። በዕብራይስጡ ይህ የሚያምር የቃል ጨዋታ ነው፤ «ባቤል» የሚለው ስም «ደባለቀ» የሚል ትርጉም ካለው «ባላል» ከሚለው ግስ ጋር በድምፅ ይቀራረባል። አካድኛ የሚባለውን ጥንታዊ ቋንቋ የሚናገሩት የከተማዋ ሰዎች ግን ስሙን «የአምላክ በር» በሚል ይረዱት ነበር። በሌላ በኩል በእንግሊዝኛ «ባብል» የሚል፣ መለፍለፍንና የሕፃን አፍ መፍታትን የሚያመለክት ግስ አለ፤ ብዙ ሰው ይህ ግስ ከባቤል ግንብ የመጣ ይመስለዋል። ግሱ ግን የሚቀዳው ሕፃን ከንፈሩን እያጋጠመ የሚያወጣውን «ባ ባ» የሚል ድምፅ ነው። የከተማዋ ስም በኋላ በግሱ ትርጉም ላይ ጥላውን አጥሎበት ሊሆን ይችላል፤ ወላጁ ግን አይደለም። የቅዱስ መጽሐፉ ትረካ ስለ ሰውና ስለ ቋንቋ የሚለው ነገር አንድ ጉዳይ ነው፤ የእንግሊዝኛው ግስ የትውልድ ሐረግ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን ለይቶ መያዝ ሁለቱንም ማክበር ነው።

ታሪኩን ይፈትኑ

አሁን ወደ ከባዱ ሥራ ደርሰናል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ስለ ጂበሪሽ አንድ ግምት አቀረበ። በላቲን ጽሑፎች «ጌበር» ተብሎ የሚጠራው በስምንተኛው መቶ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት የአልኬሚ፣ ማለትም ተራ ብረትን ወደ ወርቅ ለመለወጥ ይጥር የነበረው የጥንት ጥበብ፣ ሊቅ ጃቢር ኢብን ሐያን ነው፤ ጆንሰንም ቃሉ ቀድሞ «ጌብሪሽ» ተብሎ ይጻፍ እንደነበር ጠቅሶ፣ ምናልባት የጌበርንና የተከታዮቹን የተሰወረ አነጋገር ያመለክት ነበር አለ። ግምቱ የሚስብበት ምክንያት አለው፤ የአልኬሚ ጸሐፊዎች ጥበባቸው ላልተፈቀደለት ሰው እንዳይገለጥ ሆን ብለው በምሥጢራዊ ቃላት ይጽፉ ነበር። ታሪክ፣ ምሥጢርና ታላቅ ስም በአንድ ላይ ሲገኙ ማን ይጠራጠራል?

እንዲህ ያለ ታሪክ ሲገጥምዎ ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ። መጀመሪያ፣ ታሪኩን የተናገረው ሰው በቃሉ መወለጃ ዘመን የነበረ ነው ወይስ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ? ጆንሰን የጻፈው ቃሉ በጽሑፍ ከታየ ከሁለት መቶ ዓመታት ገደማ በኋላ ነው። ቀጥሎ፣ በመካከል ያለው ድልድይ የት አለ? ቃሉ በእርግጥ ከጌበር ከመጣ ለአልኬሚ ጽሑፎች መጠሪያ ሆኖ ያገለገለበት፣ ሊቁን የሚያስታውስ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የተመሳሰለ የፊደል አጻጻፍ ብቻውን ያንን ድልድይ አይሠራም። በመጨረሻም፣ ከዚህ የቀለለ ማብራሪያ አለ ወይ? አለ፤ ከላይ ያየነው የድምፅ ቅጂ ነው። የዛሬ የሥርወ ቃል ተመራማሪዎችም የሚመርጡት እሱን ነው።

ለጆንሰን ፍትሕ እናድርግለት፤ እሱ የጻፈው «ምናልባት» ብሎ ነው። ስሕተቱ ያለው ይህችን አንዲት ቃል እየጣሉ ግምቱን እንደ እውነት ባስተላለፉት ዘንድ ነው። ስለዚህ አንድን የምንጭ ማብራሪያ ሲያነቡ ሁልጊዜ ወደ መጀመሪያው ተናጋሪ ይመለሱና የራሱን የጥንቃቄ ቃል ይፈልጉ።

ይህን ስል ከሰው ወይም ከቦታ ስም የሚነሳ ታሪክ ሁሉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። «በንከም» የሚለው ቃል እውነተኛ የቦታ ስም አለው። በ1820 በአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ሚዙሪ ጉዳይ ክርክር ሲካሄድ፣ የሰሜን ካሮላይና ተወካይ የነበረው ፊሊክስ ዎከር አባላቱ ሰልችቷቸው ድምፅ ለመስጠት እየቸኮሉ ሳለ ንግግር ላድርግ አለ፤ ሊያስቆሙት ሲሞክሩም የሚናገረው በወረዳው ላሉት ለበንከም ሰዎች መሆኑን ገለጸ። ከዚያ ወዲህ ለመራጭ ጆሮ ብቻ የሚደረግ ባዶ ንግግር በዚያች ወረዳ ስም ተጠራ፤ አጻጻፉም በጊዜ ተለወጠ፤ ቃሉ አጥሮም «በንክ» ሆነ።

ከሁሉ የተሟላ ማስረጃ ያለው ግን «ጎብልዲጉክ» ነው፤ ለጀማሪ መርማሪም መልካም መለማመጃ ይሆናል። ቃሉን የፈጠረው ሞሪ ማቬሪክ ይባላል። ቀደም ሲል የቴክሳስ የምክር ቤት ተወካይ፣ ቀጥሎም የሳን አንቶኒዮ ከንቲባ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ለጦርነቱ የሚያመርቱ አነስተኛ ፋብሪካዎችን የሚረዳ የመንግሥት ድርጅት ሊቀ መንበር ሆነ። በመጋቢት 1944 ለሠራተኞቹ ባወጣው የውስጥ ማስታወሻ እንዲህ ያለ የተወሳሰበ አጻጻፍ እንዲቀር፣ ጽሑፉም አጭርና ግልጽ እንዲሆን አዘዘ፤ አጻጻፉንም በዚህ በራሱ ቃል ሰየመው። በግንቦት ወር በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ቃሉን ከየት እንዳመጣው ሲያስረዳ፣ ምናልባት በቴክሳስ ሲንጎራደድና ሲጮኽ ያየው ተርኪ የተባለው ትልቅ ወፍ ትዝ ብሎት ሊሆን እንደሚችል ጻፈ፤ የወፉ ጩኸት በእንግሊዝኛ ጆሮ «ጎብል ጎብል» ይላል። እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ተሟልቷል፦ ፈጣሪው በስሙ ይታወቃል፣ ወሩና ዓመቱ አሉ፣ የቃሉ ትርጉም በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ተብራርቷል፣ የባለቤቱም ምስክርነት በዚያው ዓመት ታትሟል። ፈጣሪው ራሱ እንኳን ስለ ምንጩ ሲናገር «ምናልባት» ማለቱን አይርሱ። የሞሪ አያት ሳሙኤል ማቬሪክም ከብቶቹን በእሳት ማኅተም ባለማስመታቱ ስሙ በእንግሊዝኛ መጀመሪያ ምልክት ለሌለው ጥጃ፣ በኋላም ከመንጋው ተለይቶ በራሱ ፈቃድ ለሚሄድ ሰው መጠሪያ ሆኗል፤ አንድ ቤተሰብ ለአንድ ቋንቋ ሁለት ቃላት መስጠቱ እጅግ ብርቅ ነው።

የትርጉሙን ጉዞ ይከተሉ

ምንጩ ከታወቀ በኋላ ቃሉ እንዴት ዛሬ ወዳለው ትርጉም እንደደረሰ መከታተል ያስፈልጋል። «ጃርገን» በጥንታዊ ፈረንሳይኛ የወፎች ጫጫታ ማለት ነበር፤ ከዚያ ለማይገባ የሰው ንግግር፣ ቀጥሎም ለሙያ ቋንቋ ዋለ። በአማርኛ ልጆች በቃላት መካከል ሌላ ድምፅ እየሰነቀሩ የሚነጋገሩበትን የምሥጢር አነጋገር «የወፍ ቋንቋ» ማለታችን ተመሳሳይ ንጽጽር ነው፤ አንዱ ከሌላው የተቀዳ አይደለም፤ ሁለቱም ሕዝቦች የወፍን ዜማ ሰምተው ትርጉም ያለው ግን የማይገባቸው ንግግር መስሎ ስለታያቸው ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው «መምቦ ጃምቦ» ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ ትርጉም የለሽ ድግምት ወይም ሆን ተብሎ የተወሳሰበ ንግግር ማለት ነው። ስሙ ግን በእንግሊዝኛ የታወቀው በጋምቢያ ወንዝ አካባቢ የነበረው ፍራንሲስ ሙር በ1738 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ሲሆን፣ በማንዲንካ ሕዝብ ዘንድ ልዩ ልብስ ለብሶ የሚወጣና በቤተሰብ ጠብ ላይ የሚፈርድን አካል የሚመለከት ነበር። በባለቤቶቹ ዘንድ የሚፈራና ሥራ ያለው ሥርዓት በሰሚው ቋንቋ ወደ ከንቱ ነገር ስም ተለወጠ። እንዲህ ያለውን ቃል የሚመረምር ሰው የዛሬውን ትርጉም ብቻ ጽፎ ቢያልፍ በሕዝቡ ላይ የተፈጸመውን ንቀት ይደግመዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የነበረውን ትርጉም አስቀድሞ መጻፍ ግዴታው እንደሆነ አምናለሁ።

ለማይገባ ንግግር የሌላ ሕዝብ ስም መስጠትም የተለመደ ነው። በመካከለኛው ዘመን የላቲን ጸሐፊዎች «ግሪክ ነው፤ አይነበብም» የሚል አባባል ነበራቸው፤ እንግሊዞች ዛሬም ያልገባቸውን ነገር ግሪክ ነው ይላሉ፤ ጀርመኖች ስፓኒሽ፣ ፈረንሳዮች ቻይንኛ ይሉታል። እያንዳንዱ ስም የሚናገረው ሰሚው የቱን ቋንቋ እንደ ሩቅ ይቆጥር እንደነበር እንጂ ስለተሰየመው ቋንቋ አንዳች ነገር አይደለም፤ ግሪክኛ ለግሪኮች ጂበሪሽ ሆኖ አያውቅም።

የደረሱበትን መጻፍ

ምርመራዎን ሲጽፉ የተረጋገጠውን፣ የሚመስለውንና የሚወራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይቀላቅሉ። ዓመትና ማስረጃ ያለው ነገር «ነው» ይባላል፤ ጥሩ ምክንያት ኖሮት የጽሑፍ ማስረጃ የጎደለው «ሳይሆን አይቀርም» ይባላል፤ ታሪኩ ብቻ ያለው ደግሞ ከተናጋሪው ስም ጋር «እገሌ ገምቷል» ተብሎ ይቀመጣል። ያልተቀበሉትን ግምት ሙሉ በሙሉ አይሰርዙት፤ አንባቢ ነገ ከሌላ ቦታ ሲያገኘው ለምን እንዳልተቀበሉት ማወቅ ይኖርበታል። በዚህ መንገድ የተጻፈ ስለ ጂበሪሽ የሚያትት አጭር መግለጫ የሚከተለውን ይመስላል፦

«ጂበሪሽ፦ ድምፁ ተሰምቶ ትርጉሙ የማይያዝ ንግግር ወይም ጽሑፍ። በእንግሊዝኛ ከ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በጽሑፍ ይታያል፤ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለወሮበሎችና ለሮማ (ጂፕሲ) ሕዝብ አነጋገርም ውሏል። የማይገባ ጉርምርምታን በመቅዳት ተፈጥሮ በቋንቋ ስሞች መድረሻ የተዘጋ ሳይሆን አይቀርም። ተዛማጁ ግስ በጽሑፍ የሚገኘው ዘግይቶ በ1600 ገደማ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ከአልኬሚው ሊቅ ከጌበር ስም የመጣ እንደሆነ ገምቷል፤ ግምቱ የተመሠረተው በአሮጌ የፊደል አጻጻፍ ላይ ሲሆን የዛሬ ተመራማሪዎች አልተቀበሉትም።»